መርዶውን የቀደመው ገጽ

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት ለሩቅ ልጁ መጀመሪያ «ትንሽ አሟቸዋል» ይባላል፤ ቀጥሎ «በረታባቸው» ይባላል። እውነቱ የሚነገረው ጎረቤትና ሽማግሌ ተሰባስቦ፣ ማልዶ ከደጅ ሲቆም ነው። የሚያለቅሰውን ሰው የሚይዝ እጅ ሳይዘጋጅ ወሬው ከቤት አይገባም። የእኔ ሙያ ደግሞ ማፍጠን ነው። የምተዳደረው በኮምፒዩተር መረብ ላይ ያለ ነገር ቶሎ እንዲደርስ በማድረግ ነው፤ የሚንቀረፈፍ ነገር ሳይ ትዕግሥቴ ያልቃል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ቀን ከረፋድ እስከ ዙሁር፣ እስከ ቀትሩ ስግደት፣ እንዴት እንደተጋጠሙ ላውጋችሁ። የማደንቃቸው ሰዎች ስለሚበዙበት ሳወራው መፎከሬ አይቀርም፤ እሱን ቻሉልኝ።

ያኔ አዲስ አበባ ለሆቴልና ለሱቅ ድረ ገጽ ስሠራ ቆይቼ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ሐይቅ የመጣሁት ለእረፍት ነበር። የተሻለ ሥራ እዚያው አዲስ አበባ ይጠብቀኝ ስለነበር ሻንጣዬን እንኳ በቅጡ አልፈታሁትም። እናቴ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ሻንጣውን በእግሯ ገፋ እያደረገች «ይቺ እንግዳ መቸ ነው እምትሄድ?» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ አራጋው ቤታችን መጡ። ጋሽ አራጋው ዓሣ ነጋዴ ናቸው፤ በዚያ ላይ የአካባቢው ቅሬዎች የበላይ ዳኛ ናቸው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። እነዚህ ቅሬዎች በጋራ አንድ ድረ ገጽ አላቸው። ያቋቋሙት ዓረብ አገር የሚሠሩ ልጆቻቸው ሲሆኑ፣ መንዙማው፣ የሠርግ ዘፈኑ፣ የግሸን ማርያም ንግሥ፣ የገበያ ወሬው፣ የቀብር ማስታወቂያው ሁሉ እዚያ አለ። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበር፤ አይከፈትም። ሁሉ ነገር የተቀመጠው አዲስ አበባ ባለች አንዲት ደካማ ኮምፒዩተር ላይ ነው። የሪያዷም፣ የጅዳዋም፣ የቤይሩቷም ልጅ እኩል ሲያንኳኩባት ትንበረከካለች።

«ልጆቹ መንዙማ ሊሰሙ ከፍተውት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል አሉ» አሉኝ ጋሽ አራጋው። «እስቲ እይልን ሰዓዳ።»

አየሁላቸው። መድኃኒቱንም አውቀው ነበር። የድረ ገጽን ቅጂ በየአገሩ አስቀምጦ ለጠየቀ ሁሉ ከቅርቡ የሚያድል አገልግሎት አለ። ለጋሽ አራጋው ይህን ሳስረዳ የተቸገርኩት ትንሽ ነው።

«ዓሣ እሚፈልግ ሁሉ ሐይቅ ድረስ ይምጣ ከማለት፣ በረዶ ሣጥን ውስጥ አርገሽ ደሴም ኮምቦልቻም ማስቀመጥ ነዋ» አሉ። «እኔ ስኖርበት የከረምኩትን ነገር ፈረንጅ ዛሬ ደረሰበት?»

«አዎ ጋሼ፣ እሱ ነው።»

«የደሴው ሣጥን ያለው ግን የትናንቱ ዓሣ ነው። እሱን አትርሽ» ብለው ወጡ።

አልረሳሁትም፤ ግን ከጉዳቶቹ መጨረሻ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። አገልግሎቱን ከሚሰጠው የውጭ ድርጅት ላይ ለሙከራ በነፃ ወሰድኩ። እሑድ ዳኞቹ ሲሰበሰቡ ጥቅሙንና ጉዳቱን ላቀርብ ተስማማን። በሐሳቤ ሚዛኑን ጨርሼዋለሁ። ጥቅሙ፦ ይፈጥናል፣ በበዓል ቀን አይወድቅም፣ ክፉ ሰው ሊያጨናንቀው ቢሞክር ግንባሩን ሰጥቶ ይመክታል። ጉዳቱ፦ ክፍያው በዶላር ነው፣ ንብረታችን በማናውቀው ሰው እጅ ይገባል፣ እነሱ ከታመሙ እኛም እንታመማለን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያ የጋሽ አራጋው የትናንት ዓሣ አለ። ጥቅሙ በግልጽ ይመዝን ነበር። በሙከራው የመጀመሪያ ቀን ሪያድ ወዳለችው ወደ ሐሊማ ደወልኩ። ሐሊማ ልብስ ሰፊ ናት፤ እዚያ ያሉት የእኛ አገር ሴቶች ያቋቋሙትን ቅሬም በዳኝነት የምትመራው እሷ ናት። «ወላሂ ሰዓዳ፣ ጣቴን ሳላነሳ ተከፈተ» አለችኝ። ደስታዬን አልደብቃችሁም፤ ቤት ውስጥ እየዞርኩ ጨፈርኩ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ ባጃጅ ደጃችን ቆመ። ጋሽ አራጋው ናቸው። የዓሣ ሥራቸውን ጥለው እንደመጡ ከልብሳቸው ያስታውቃል። እንደ ወትሮው ከእናቴ ጋር ሳይቀላለዱ በቀጥታ ወደ እኔ ገቡ።

«አያ እንድሪስ ሌሊት አርፈዋል» አሉኝ። «አምባሰል ላይ ያሉት ሽማግሌ። አላህ ይዘንላቸው።»

«አላህ ይዘንላቸው።»

«ማስታወቂያው ገጹ ላይ ወጥቷል?»

ከፈትኩት። የመንደሩ ቅሬ ጸሐፊ እንደ ደንቡ ማለዳውኑ ከስልኩ ልኮታል፤ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶች ከቀብሩ እንዲደርሱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚደረገው። የአያ እንድሪስ ስም ከነመንደራቸው ከመንዙማው በላይ፣ ከሁሉ አናት ላይ ተቀምጧል።

«ከሪያድ ይከፈታል?» አሉኝ።

«ትናንት ነገርኩዎት እኮ ጋሼ፤ ጣታቸውን ሳያነሱ።»

ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡና ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ከድጃ ሪያድ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ልጃቸው። አልሰማችም።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ለካ እስካሁን መርዶውን ሲጠብቅልን የኖረው የዚያች ኮምፒዩተር ድክመት ነው። ማስታወቂያው በማለዳ ይወጣል፤ ደሴ በመከራ ይከፈታል፤ ባሕር ማዶ ያሉት የሚያዩት ሲመሽ ወይም በማግስቱ ነው፤ እስከዚያ ቅሬው ሰው ልኮ አርድቷቸዋል። ይህን ማንም አስቦ አልሠራውም፣ ማንም አልተናገረውም፤ ሁሉም ግን በዚያ ላይ ተማምኖ ይኖር ነበር። እኔ በሽታ ነው ብዬ ያዳንኩት ነገር ለካ ሥራ ነበረው።

ከድጃ ማን እንደሆነች ጋሽ አራጋው በአጭሩ ነገሩኝ። እናቷ በልጅነቷ ሞታ አያ እንድሪስ ብቻቸውን ያሳደጓት አንዲት ልጅ ናት። ሪያድ የሄደችው ለአባቷ የቆርቆሮ ቤት ልትሠራ ነው። የምትሠራበት ቤት ቋንቋዋን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ሐሊማና ጓደኞቿ ዓርብ ማለዳ፣ በዕረፍት ቀናቸው፣ ተሰብስበው ሊያረዷት ከጋሽ አራጋው ጋር ተማክረው ጨርሰዋል።

«አምና አንዲት ልጅ ብቻዋን ሰማች» አሉ። «እናቷን። ኩሽና ውስጥ ሆና። ይኸው እስተዛሬ ስትደውል ‹ማንም አልመጣልኝም› ነው እምትለው። የናቷን ሞት አይደለም እምታነሳው፤ ሰው ያለመምጣቱን ነው። አንች ልጅ፣ አውርጅው።»

ወዲያው አወረድኩት። ስልኬ ላይ ከፈትኩ፤ የለም።

«ጠፋ» አልኳቸው።

«ከዚህ ጠፋ» አሉ ዓሣ ነጋዴው። «ከሣጥኑስ?»

ወደ ሐሊማ ደወልኩ። «ኧረ ይኸው ፊቴ ላይ ነው» አለች። «አያ እንድሪስ ይላል። ኧረ በአላህ አጥፊው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ምንጩን ባደርቀውም ቅጂው ሪያድ ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ ይታደላል። ቅጂዎቹን ከየአገሩ የሚያጸዳ ቁልፍ አለ፤ ግን ለከፋይ ደንበኛ ብቻ ነው፤ እኔ የሙከራ ደንበኛ ስለሆንኩ ቁልፉ ደብዝዞ ተቀምጧል፤ ብነካው አይሰማም። ቅጂው በራሱ የሚታደሰው ሲመሽ ነው። አገልግሎቱን ትቼ የገጹን አድራሻ ወደ ድሮው ኮምፒዩተር ብመልሰውም፣ ለውጡ ሁሉ ጋ እስኪዳረስ እንደዚያው ይመሻል።

ሐሊማ የከድጃን ውሎ አሳምራ ታውቀዋለች። ጠዋት ስልክ አትይዝም፤ የቤቱ እመቤት ናት የምታስቀምጥላት። ዙሁር ሲሆን ትቀበላለች፤ ከዚያ ልብስ እየተኮሰች የእኛን ገጽ ከፍታ መንዙማ ትሰማለች። በየቀኑ። ስለዚህ የነበረን ጊዜ እስከ ዙሁር ነው፤ ዙሁር ሲደርስ ከድጃ ገጹን ትከፍታለች፣ ከመንዙማው በላይ የአባቷን ስም ታነባለች፣ ካውያውን እንደያዘች ብቻዋን ትቆማለች።

ሥራ ተከፋፈልን። እኔ ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት መጻፍ ጀመርኩ፤ ጋሽ አራጋው የእኔን ስልክ ይዘው ከሐሊማ ጋር ቀሩ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት መረብ ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል።

ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው መለሰልኝ። ትሑት ነው፤ ግን ደንብ ያዢ። «ጽሑፉ ውስጥ ስህተት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የለም» ብዬ ጻፍኩ። «እውነት ነው።»

«የሌላ ሰው ንብረት ነው?»

«የእኛው ነው።»

«ታዲያ እውነት ከሆነና የራሳችሁ ከሆነ ለምን በአስቸኳይ ይጥፋ?»

መርዶን ለፈረንጅ አስረድታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እንግሊዝኛዬን እተማመንበት ነበር፤ ያን ዕለት አጠረኝ። መጨረሻ ላይ ማስረዳቱን ትቼ እንዲህ አልኩት፦ «ሰውየው ሞተዋል። ልጃቸው አንተ ቅጂ ካስቀመጥክበት ከተማ ውስጥ ናት። ስልኳን ዙሁር ላይ ትከፍታለች። የሚያቅፏት ሴቶች የሚሰበሰቡት ዓርብ ነው። ከአንተ የምፈልገው እስከ ዓርብ ዝም እንድትልልኝ ነው።»

መልሱ ዘገየ። ማፍጠን ሙያዬ ነው ብያችኋለሁ፤ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ። ጣቴን እየነከስኩ ወደ ጋሽ አራጋው ዞርኩ።

እሳቸው ደግሞ ሌላ ዓለም ውስጥ ናቸው። ሐሊማ የልብስ ስፌቷን ትታ ሪያድን በስልክ እያተራመሰች ነው። ማን ለከድጃ ቅርብ እንደሆነች ትጠይቃለች፤ ያችኛዋ ሌላዋን ትጠቁማለች፤ ሌላዋ አሠሪዋ ጋ ነች፣ መውጣት አትችልም፤ ግን የምትችለውን ታውቃለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ዘነበች ላይ ደረሰ። ዘነበች የግሸን አካባቢ ልጅ ናት፤ የምትሠራው ከከድጃ ጎን ባለው ሕንፃ ነው። የሁለቱ እመቤቶች ይተዋወቃሉ። እሷ ትሂድ ተባለ።

«ምን ብላ ነው እምትገባው?» አሉ ጋሽ አራጋው።

የሐሊማ ድምፅ ከስልኩ ይሰማኛል። «ስልኬ ተሰበረብኝ፣ እናቴ አሟታል፣ ስልክሽን እስተ ዓርብ አውሽኝ ትበላት። ለማዳሟ ግን በዓረብኛ እውነቱን በሹክሹክታ ትንገራት። ማዳሟም እናት ነች፣ ይገባታል።»

«ብትከለክላትስ? ስልክ እስተ ዓርብ ማን ይሰጣል?»

«የወሎ ልጅ ነች እኮ ጋሼ» አለች ሐሊማ፤ ክርክሩ በዚህ አበቃ።

ዘነበች ለመውጣት የራሷን አሠሪ ማስፈቀድ ነበረባት። እሱም ጊዜ ወሰደ። የሪያድ ዙሁር ከእኛ ቀደም እንደሚል አስታወስኩና ሰዓቴን ደጋግሜ አየሁ። ጋሽ አራጋው ፊቴን አይተው «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ፤ ክርስቲያን ናቸው፣ ግን በእኛ አገር አብሽሪ የሁሉም ቃል ነው። እናቴ ውሃ ይዛ ገብታ፣ ነገሩን ከሁኔታችን ገምታ በሩ ሥር ተቀመጠች።

የድርጅቱ ሰው መለሰ። «እኔ የአባቴን ሞት ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው» ይላል የመጀመሪያው መስመር። ቀጥሎ፦ «ቅጂዎቹን ከሁሉም ቦታ አሁን አጽድቻለሁ። ነገር ግን ቀድሞ ከሰው ስልክ ውስጥ የገባ ካለ እሱን እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው ልናወጣው አንችልም።»

ሐሊማን ጠየቅናት። ከፈተችው። «የለም!» አለች። «መንዙማው ብቻ ነው ያለው፣ አልሐምዱሊላህ።»

ጥቂት ቆይቶ የዘነበች ወሬ መጣ። ደርሳለች። ስልኩን ይዛ ወጥታለች።

«ጠረጠረች?» አሉ ጋሽ አራጋው።

«ኧረ የለም» አለች ሐሊማ። «ስልኳን ወዲያው ነው የሰጠቻት። ሻይም አፍልታ አጠጣቻት አለችኝ።»

ጋሽ አራጋው ተነሱና ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። «ቅሬ ማለት ይኼ ነው» አሉ። ወደ አምባሰል ቀብሩ ላይ ሊደርሱ ወጡ። እኔ ግን የተቀመጥኩበት ቀረሁ። በሕይወቴ ብዙ መረብ አይቻለሁ፤ ሠራተኛው ሁሉ በሰው ቤት ተቀጣሪ ሆኖ፣ ስልኩ በሰው እጅ ሆኖ፣ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ግን አይቼ አላውቅም።

ዓርብ ማለዳ ሴቶቹ ተሰበሰቡ። የከድጃ እመቤት በሩን ራሷ ከፈተችላቸው። ሐሊማ አረዳቻት። ከድጃ አለቀሰች፤ እነሱም አለቀሱ፤ ሐሊማ በኋላ ስትነግረኝ «የአገሯን ያህል ነው የተለቀሰላት» አለች።

እሑድ ዳኞቹ ተሰበሰቡ። ሚዛኑን እንደገና አቀረብኩ፤ አሁን ግን ያ መጨረሻ ላይ የነበረው ጉዳት ከላይ ወጥቷል። ቅጂ ከእጅ ከወጣ አይመለስም፤ የፈጠነ ነገር ሁሉ ደግሞ ሰው ሳይደርስ ይደርሳል። ጥቅሙንም አላሳነስኩም። የድርጅቱ ሰው ደግነት ሳይቀር ጥቅም ነው ብዬ ተናገርኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ፈረሱ ጥሩ ነው፣ ልጓም ይግባለት» አሉ። ተስማማን። መንዙማው፣ ዘፈኑ፣ ንግሡ በየአገሩ ቅጂው ይቀመጥ፣ እንደልቡ ይሩጥ። የቀብር ማስታወቂያ ግን አይቀዳም፤ ከቤቱ አይወጣም፤ የሚከፈተውም የቅሬው ዳኛ «መርዶው ደርሷል» ሲል ብቻ ነው። ለቀብር የሚፈለግ ቅርብ ያለ ዘመድ እንደ ጥንቱ በጥሩምባና በመልእክተኛ ይጠራል። ይህን የሚጠብቅ ሰው ስላስፈለገ እኔው ቀረሁ። ሻንጣዬ ዛሬ የእናቴ የክረምት ብርድ ልብስ ማስቀመጫ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለእኔ ይበቃኝ ነበር። አላለቀም።

ከድጃ ለዕረፍት አገሯ ገባች። ልጠይቃት ወደ አምባሰል ወጣሁ። ያሠራችው ቤት ቆርቆሮው ገና ያብረቀርቃል፤ አባቷ ብዙም አልኖሩበትም። ቀጠን ያለች፣ ቀስ ብላ የምታወራ ልጅ ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ሰዓዳ፣ እኔ እኮ አንብቤው ነበር» አለችኝ።

«መቼ?» አልኳት።

«የዚያን ቀን ማዳም ስልኬን ቀደም አድርጋ ሰጠችኝ። መንዙማ ልከፍት ስል የአባቴን ስም አየሁ። ልጮህ አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ። ዘነበች ናት። ስልኬ ተሰበረ፣ እስተ ዓርብ አውሽኝ አለችኝ። ዓይኗን አየሁትና ገባኝ። አገሬ ሰው ልኮልኛል አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻትም? እስከ ዓርብ እንዴት ቻልሽው?»

«ዓርብ ሊመጡልኝ እንደሆነ አወቅሁ። ይኸን ያህል ለፍተው ሊያረዱኝ ሲሰናዱ እንዴት ቀድሜያቸው አለቅሳለሁ? ጠበቅኋቸው። እሷ ደግሞ ፈርታ ደርቃ ነበር፤ ሻይ አፈላሁላት።»

እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አጽናናችኝ። ሐዘንተኛዋ ማን እንደነበረች ለሚያየን ሰው ግራ ይገባው ነበር።

«ገጹ ቀደመን» አልኳት። «ሁሉ ልፋት ከንቱ ቀረ።»

«አልቀረም» አለች ከድጃ። «ብቻዬን የነበርኩት ከማንበቤ በሩ እስኪንኳኳ ድረስ ነው። አጭር ናት እኮ።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት እንደ እኔ ማፍጠን ሥራችሁ ይሆናል፤ ምናልባትም ነገር ሲዘገይባችሁ የምትናደዱ ናችሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ዛሬም እናደዳለሁ። ይህን አገልግሎት ግዙ አትግዙ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግዙ እላለሁ፤ ልጓሙንም አብሬ እነግራለሁ። በሙያችን አንድ ገጽ ከተጠየቀበት እስከተከፈተበት ያለውን ጊዜ እንለካለን፤ ሲያጥር እንኮራለን። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የምለካው ሌላ ነው። ገጹ ከተከፈተበት፣ በሩ እስከተንኳኳበት።